እትዬ አገርነሽ እና ዋጋ የሌለው ሲዲ

በየከተማው፣ የገዙትን ዕቃ ዋጋ ሳይናገሩ በፊቱ ማለፍ የማይቻል አንድ ሰው አይጠፋም። ጫማ ይሁን ቆርቆሮ፣ ሙሽራ ሁኑ ሐዘንተኛ፣ ያ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ "ስንት ገዛኸው?" ይላችኋል። ብትዋሹ ያውቅባችኋል፤ እውነቱን ብትናገሩ ያዝንላችኋል። የቱ እንደሚብስ እስካሁን የወሰነ የለም።

በአርባ ምንጭ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ አገርነሽ ናቸው። በአንድ እርሻ ድርጅት ግምጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ዕቃ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረው በጡረታ ተገለሉ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ትንሽ የሙዝ ማሳ አለቻቸው። ጠዋት ማሳዋን አይተው ይመለሱና በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ቤታቸው በር ላይ ዱካ አውጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ፌስታል ይዞ ማለፍ ድፍረት ይጠይቃል።

"ስንት ገዛሽው?"

"ሠላሳ አምስት፣ እትዬ።"

"ተበልተሻል!"

ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ቀጥሎ ማለሳለሻው ይመጣል፤ "እኔ ምን አገባኝ፤ ለማወቅ ያህል ነው እንጂ።"

የጎረቤታቸው ልጅ ወለቴ ስታገባ፣ ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ገና እግሩ መሬት ሲነካ የሱፉን እጅጌ በሁለት ጣት ያዝ አደረጉና፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ ዋጋውን ጠየቁት። ሙሽራው ደንግጦ ነገራቸው። ፍርዱንም እዚያው ሰማ። በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ፊቱ የጠቆረበት ቦታ ዛሬም አለ፤ የሩቅ ዘመድ ሁሉ በጥሎሹ የተኮራረፉ ይመስለዋል። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ከተሳፈሩ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳያልቅ የተሳፋሪውን ፌስታል በሙሉ ያጣራሉ። አንድ ጊዜ ረዳቱ "እትዬ፣ እርስዎ ካሉ ሰው ዕቃውን ከጃኬቱ ሥር እየደበቀ ሌባ ይመስልብናል" ብሏቸዋል።

የሌላዋ ጎረቤታቸው የዓለምጸሐይ ባል የሞተ ጊዜም ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ብለው የሬሳ ሣጥኑን ዋጋ ጠየቁ። ሰው ሁሉ በነጠላው ተሸፈነ። እሳቸው ዋጋውን ሰምተው ተነሡ፣ ወጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአናጺው መቶ ሃምሳ ብር አስመልሰው መጥተው ለሟች ሚስት በእጇ አስጨበጡና ለቅሷቸውን ቀጠሉ። የሰፈሩ ሰው ይውቀሳቸው ወይስ ያመስግናቸው ግራ እንደገባው ቀረ።

እንግዲህ ናትናኤል ቤት የተከራየው ከእኚህ ሴት ግድግዳ ጋር በተጣበቀች አንድ ክፍል ነው። ናትናኤል ከገጠር ከካምባ የመጣ ልጅ ነው። በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዞ፣ አባቱ በሬ ሸጠው በሰጡት ገንዘብ፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ላይ "ናቲ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ከጋሪ ሲወርዱ እትዬ አገርነሽ በር ላይ ነበሩ።

"ይኼ ስንት? ... ተበልተሃል። ያኛውስ? ... ኧረ ተበልተሃል! ሰሌዳውን ማን ጻፈልህ? ስንት?" አሉና ቀና ብለው አዩት። "ካምባ ደግ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው?"

ናትናኤል የመጀመሪያውን ወር እሳቸውን ሲሸሽ አሳለፈ። ቀለም ሲገዛ በጓሮ በኩል ይገባል። ወረቀት ሲገዛ ባጃጁን በር ድረስ ያስጠጋል። እሳቸው ግን ያገኙታል። ከሁሉ የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነበር።

በተለይ በኤርጫፎ ነገር ትክክል ነበሩ። ኤርጫፎ የታመመ ኮምፒውተር የሚያክም ባለሙያ ነው። በዚያን ዘመን ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ጠዋት የሰው ደብዳቤ የነበረው ፎልደር ከሰዓት ባዶ ይሆናል፤ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ከዚያ ጭራሽ አልነሳ ይላል። ኤርጫፎ ይጠራል፤ ከኪሱ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ሲዲ ያወጣል፤ "ፎርማት" ያደርጋል፤ መቶ ብር ተቀብሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ያገረሽበትና ተመልሶ ይጠራል። ቆይቶ እንደታወቀው ሲዲው ራሱ ቫይረስ ነበረበት።

"ዛሬም መቶ ወሰደ?" ይላሉ እትዬ አገርነሽ ኤርጫፎ ጥጉን ሲታጠፍ።

"ወሰደ።"

"ለአንድ በሽታ ስንት ጊዜ ይከፈላል?"

ሱቁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የቤት ኪራዩና ኤርጫፎ ተጋግዘው ሊያዘጉት ደረሱ።

ያዳነችው እጮኛው ቤቲ ናት። ቤቲ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። አንድ ቀን "በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ኡቡንቱ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቫይረሶችህ እሱን አያውቁትም። ለጀማሪ የቀለለ ነው፤ ሲዲውን እስከ ፖስታ ሣጥንህ ይልኩልሃል" አለችው። ናትናኤል የምታሾፍበት መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ስሙንና የሣጥን ቁጥሩን በኢንተርኔት ሞልታ ላከች። በሁለተኛው ወር ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ሲከፍት የባሕር ማዶ ቴምብር ያለበት ወፍራም ፖስታ ቁጭ ብሎ አገኘው። ውስጡ አምስት ሲዲዎች፣ አንዱም ያልተጫረ፣ በሚያምር ሽፋን።

ደስታው ጓሮውን አስረሳው። በዋናው መንገድ መጣ።

"ስንት ገዛኸው?"

"በነፃ ነው፣ እትዬ።"

ከኖሩበት ዘመን ሁሉ እትዬ አገርነሽ በዋጋ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲሉ የታዩት ያን ቀን ነው። ፖስታውን ተቀበሉት፤ አገላበጡት፤ በመዳፋቸው መዘኑት።

"የማጓጓዣውስ?"

"እነሱ ናቸው የከፈሉት።"

"እነማን?"

ናትናኤል ቤቲ የነገረችውን ነገራቸው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች እየተጋገዙ ይሠሩታል፤ አንዱ ስህተት ያገኛል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው በየቋንቋው ይተረጉማል፤ ሲያልቅ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ አባዝቶ ለጎረቤቱም ይሰጣል።

"ደቦ ነው በለኛ።"

"አዎ፣ እንደ ደቦ።"

"ደቦ ላይ ምሳ አለ። ምሳውን ማን አበላ?"

"የሚደግፈው ድርጅት አለ።"

"ይኸውልህ!" አሉ ፊታቸው እየበራ። "ልጄ፣ በዚህ አገር በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም። ጠብቅ፤ አንድ ቀን ደረሰኙን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ምን አገባኝ፤ ለማወቅ ያህል ነው እንጂ።" በማግስቱ ዱካቸውን ከበራቸው አንሥተው ሱቁ ውስጥ አስቀመጡት። ዋጋው ሲመጣ በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

ኡቡንቱ በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት እሳቸውን የሚደግፍ ነበር። ደንበኛ ይመጣል፣ ቡናማውን ስክሪን ያያል፣ "ስታርት የሚለው የት ሄደ?" ብሎ ይደነግጣል። በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፉ ደብዳቤዎች ሲከፈቱ ፊደሉ ተመሰቃቅሎ ትንንሽ ሣጥን ይሆናል። ፕሪንተሩ ሦስት ቀን ሙሉ አልታዘዝም አለ። ዘፈን በፍላሽ ሊያስጭን የመጣ ባለ ባጃጅ ዘፈኑ አልከፈት ሲለው "ኮምፒውተርህ ዲዳ ነው" ብሎ ወጣ። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊማ "ልጄ፣ አንተ ጋ ጤና የለም" ብላ አንድ ክምር ደብዳቤዋን ይዛ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደች።

"እያየኸው ነው?" አሉ እትዬ አገርነሽ ከዱካቸው ላይ። "ዋጋው ይኼ ነው።"

ናትናኤል ያን ዕለት የኤርጫፎን ስልክ ቁጥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። ከመደወሉ በፊት ቤቲ ለፕሪንተሩ የሚያስፈልገውን ፋይል ከዩኒቨርሲቲ በፍላሽ ይዛ ደረሰች። ተቀምጣ ስትጎረጉር ቆይታ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀት ተፋ። እትዬ አገርነሽ ወረቀቱን አንሥተው ከኋላው ዋጋ የተጻፈበት ይመስል ገለበጡት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"ለጀማሪ የቀለለ ነው አላችሁኝ አይደል? ከእኔ የባሰ ጀማሪ አርባ ምንጭ ውስጥ የለም። ተነሥ፣ አስቀምጠኝ።"

ማውዝ የሚባለውን ነገር የጨበጡት ሊያመልጥ እንደሚል ጫጩት ነው። ጠቋሚዋ ከስክሪኑ ጥግ ጥግ ስትሮጥባቸው "ምን ትፈልጋለች እዚያ?" እያሉ ተቆጡ። በሁለተኛው ሰዓት ግን ስማቸውን በአማርኛ ጻፉ። በአራተኛው ቀን ደንበኛ ገብቶ "ስታርት የት ሄደ?" ሲል ቀና ሳይሉ "እላይ በግራ ነው፤ ዓይንህን ግለጥ" ይሉት ጀመር። የስድሳ ሦስት ዓመት ጡረተኛ እየቻሉት "እኔ አልቻልኩም" ማለት ለሰው አፈረበት። ያቺ ጸሐፊም ክምር ደብዳቤዋን ይዛ ተመለሰች። ኮምፒውተሮቹም ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር ሳይታመሙ ቆዩ። ኤርጫፎ አንድ ሁለት ጊዜ በበሩ አለፍ አለና ሰላም ብሎ ሄደ።

በዚህ መሀል እትዬ አገርነሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚባለውን አገኙ። ናትናኤል እንዲያው ሥራ እንዲይዛቸው ብሎ ነበር ያሳያቸው። እሳቸው አዩትና፣ ከጭንቅላታቸው፣ አንድም ወረቀት ሳያዩ፣ የሲቀላን ገበያ ዋጋ መጻፍ ጀመሩ። ስኳር፣ ዘይት፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የሐይቅ አሳ። ያምናው፣ ካቻምናው፣ የዛሬው። ሙዝን በሁለት አደረጉት፤ ኩልፎ ዳር ነጋዴ ለገበሬው የሚከፍለውና አዲስ አበባ የሚሸጥበት። አዲስ አበባውን ከጭነት ሾፌሮች በስልክ አጣሩ። ከሁሉ በታች አንድ መስመር ጨመሩ፤ "የቀን ሠራተኛ ውሎ።"

ያን ዓመት፣ ሁለት ሺህ ሁለት፣ ምርጫ ነበር። ግንቦት ሲቃረብ እጩው አቶ ኦይታ ሲቀላ አዳራሽ ሕዝብ ሰበሰቡ። አቶ ኦይታ መምህር የነበሩ፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ ጨዋ ሰው ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መንገድና ስለ ዕድገት ተናገሩ። መቶኛው በዛ። ሰዉ በሙቀቱ ወረቀት እያራገበ ያዛጋል። መድረክ መሪው "ጥያቄ ካለ" ሲል ናትናኤል ከኋላ ረድፍ ሆኖ የእትዬ አገርነሽ ነጠላ ከፊት ሲነሣ አየ።

"አቶ ኦይታ፣ ዘይት ዛሬ ስንት ገዙ?"

አዳራሹ ነቃ። አቶ ኦይታ ፈገግ አሉ። "እናቴ፣ እሱን እንኳ ባለቤቴ ናት የምታውቀው።"

"እንግዲያው እጩ መሆን የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ።"

ሳቁ ጋብ ሳይል እትዬ አገርነሽ ከነጠላቸው ሥር የዋጋውን ሠንጠረዥ ስድሳ ቅጂ አወጡና በረድፍ አሳለፉት። ናትናኤል ቅጂው ከራሱ ሱቅ መውጣቱን ያወቀው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በግራ ጠርዝ በሚያሰምረው ጥቁር መስመር ነው። ሱቁን ለእሳቸው ትቶ ምሳ የወጣበት ቀን ትዝ አለው።

ወረቀቱ ሲዳረስ ሳቁ ጠፋ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነባል። ከኩልፎ ማሳ በቀጥታ የመጣ፣ ጭቃው እግሩ ላይ የደረቀ ሰው ተነሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። "ስኳር ወጣ። ዘይት ወጣ። ጤፍ ወጣ። የቀን ሠራተኛ ውሎ..." ጣቱን በመስመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደ። "ካቻምና የነበረበት ነው። እኔ ነኝ ይኼ፤ እዚህ የተጻፍኩት እኔ ነኝ።" ቁጭ አለ።

አቶ ኦይታ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። "ለዚህ ዛሬ መልስ የለኝም" አሉ፤ ይህም ያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ ብዙ ጭብጨባ አስገኘላቸው። መድረክ መሪው ግን ወደ አንድ ሰው ጆሮ ጠጋ ብሎ "ይህ ወረቀት የት ነው የታተመው?" ሲል ናትናኤል ከንፈሩን አነበበ።

በሦስተኛው ቀን አቶ አበጋዝ የሚባሉ የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ወፍራም የቆዳ ቦርሳ ይዘው ሱቁ ገቡ። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የንግድ ፈቃድ ጠየቁ፤ ነበረ። ግብር ጠየቁ፤ ተከፍሏል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሮቹ ዞሩ።

"የፕሮግራሙን ደረሰኝ አሳየኝ።"

"ደረሰኝ የለውም፣ ጋሼ።"

"ደረሰኝ ከሌለው የተሰረቀ ነው። እናሽገዋለን።" ከቦርሳቸው ማሸጊያ ወረቀቱን አወጡ።

ናትናኤል አባቱ የሸጡት በሬ ዓይኑ ላይ መጣበት። ሊናገር ሲል ከዱካው በኩል ድምፅ ተሰማ።

"በነፃ የተሰጠው ነው!"

"እናቴ" አሉ አቶ አበጋዝ ሳይዞሩ፣ "በዚህ አገር በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም።"

እትዬ አገርነሽ ተነሡ። "እኔም ስንት ወር ሙሉ እሱን ስል ነበር የከረምኩት። ተሳስቼ ነው።"

ናትናኤል ዞሮ አያቸው። "ተሳስቼ" የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ሲቀላ ውስጥ አልነበረም። እሳቸው ግን መሳቢያውን ራሳቸው ከፍተው ፖስታውን ከነቴምብሩ፣ አምስቱን ሲዲዎች ከነሽፋናቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ስለ ደቦው ነገሯቸው። አንዱ እንደሚያገኝ፣ ሌላው እንደሚያርም፣ ማባዛት መብት እንደሆነ፣ ሽፋኑም ላይ እንደተጻፈ። ናትናኤል ራሱ እንዲህ አሳምሮ አስረድቶ አያውቅም። "ምሳውን ማን አበላ ካሉኝም፣ የሚደግፍ ድርጅት አለ። እኔም ዋጋው ይመጣል ብዬ እዚህ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ግምጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲበላ አውቃለሁ። ይኼ ልጅ በዚህ አልተበላም፤ ማንንም አልበላም።"

አቶ አበጋዝ ሽፋኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ቴምብሩ ላይ የነበረውን ቀን አዩ። ማሸጊያውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"የቢሮዬ ኮምፒውተር አልነሳ ካለ ወር ሆነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይኼ ነገር... ከአምስቱ አንዱ..."

ናትናኤል አንዱን ሰጣቸው። እትዬ አገርነሽ ደግሞ አላስቻላቸውም። "ያን ቦርሳ ስንት ገዙት?" ብለው ጠየቁ፤ ፍርዱንም ሰጡ።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ በሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ጀመር። የኩልፎ ሙዝ ገበሬዎች ከነጋዴው ጋር ከመነጋገራቸው በፊት መጥተው ያነቡታል፤ በኪሎ አርባ ሳንቲም ጭማሪ አስከፍለዋል። አቶ ኦይታ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ራሳቸው ገበያ ወጥተው ዘይትና ስኳር በፌስታል ይዘው በዚያ መንገድ መጡ፤ ሆን ብለው ነው። ተጠየቁ፤ ተናገሩ፤ "ተበልተዋል" ተባሉ፤ ሳቁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አንድ ቅጂ ይላክልኝ ብለው ሄዱ። ዘይት አልረከሰም። እትዬ አገርነሽ ማንን እንደመረጡ ለማንም አልተናገሩም።

በዓመቱ ለናትናኤል ጥሩ ዕድል መጣለት። ሴቻ፣ ከዞን መሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ባለ መስታወት ሱቅ፤ ኪራዩ ከሲቀላው ብዙም የማይበልጥ፣ ደንበኛው ከበር የሚቆም። ወጥቶ አየው። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ቤቲ የትኛው ኮምፒውተር የት እንደሚቀመጥ በጣቷ አሳየችው። ነገ እንዋዋላለን ብለው ከባለቤቱ ጋር ተጨባበጡ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ወረደ። ሲመለስ እትዬ አገርነሽ ሱቁ ውስጥ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተውታል። እግራቸው ሥር ከማሳቸው የተቆረጠ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ተጋድሟል። የሴቻውን ኪራይ አልጠየቁትም። ናትናኤል ጠበቀ፤ አልጠየቁትም።

"እዚያ ላይ መብራት ይቆራረጣል አሉ" አሉ በመጨረሻ፣ ሙዙን እያዩ።

ናትናኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዘለላው አንድ ሙዝ ገነጠለና መላጥ ጀመረ።

"እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት" አለ።

በማግስቱ ለቤቲም ይህንኑ ነገራት፤ መብራቱ አያስተማምንም፣ አንሄድም አላት። ቤቲ አየችውና ሳቀች። የሴቻ መብራት ከሲቀላው የተሻለ እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።